ፍራንክ ላምፓርድ፦ ስለ እግር ኳስ ሕይወቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ እንግሊዛዊው አማካይ ላምፓርድ ሲነሣ ቁጥሮቹ ቀድመው ይመጣሉ፤ በፕሪምየር ሊግ 177 ጎል፣ ለቼልሲ 211 ጎል። ሁለቱም ከአማካይ የማይጠበቁ ናቸው፤ ክርክሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዕድለኛ ነው የሚል አለ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ያበዛለት ነው የሚልም አለ። እኛ የምናምነው ጎሎቹ ከሁለት ነገር እንደመጡ ነው፦ ሁልጊዜ ሜዳ ላይ ከመገኘቱና የቅጣት ክልል ውስጥ በትክክለኛዋ ሰከንድ ከመድረሱ። ከታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተጫወተው ለየትኞቹ ክለቦች ነው?

ጁን 20 ቀን 1978 በምሥራቅ ለንደን በምትገኘው ሮምፎርድ ተወለደ። ያደገውም የጀመረውም በዌስትሃም ነው፤ በ1995 መጨረሻ ገደማ ለስዋንሲ በውሰት ተሰጥቶ 9 የሊግ ጨዋታ ካደረገ በኋላ ተመልሶ በጃንዋሪ 1996 ለዌስትሃም ዋና ቡድን ተሰለፈ። ከ2001 እስከ 2014 ቼልሲ፣ ቀጥሎ አንድ የውድድር ዘመን ማንቸስተር ሲቲ፣ በመጨረሻም እስከ 2016 ኒውዮርክ ሲቲ። በፌብሩዋሪ 2017 ጫማውን ሰቀለ። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 106 ጊዜ ተሰልፎ 29 ጎል አስቆጥሯል።

ዌስትሃም ውስጥ የተሰለፈው በዘመድ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ዝምድናው እውነት ነው። አሰልጣኙ ሃሪ ሬድናፕ የእናቱ እኅት ባል ነበር፤ ምክትሉ ደግሞ አባቱ፣ የዌስትሃም የቀድሞ የግራ መስመር ተከላካይ ትልቁ ፍራንክ ላምፓርድ። በ1996 በተደረገ የደጋፊዎች ስብሰባ ላይ አንድ ደጋፊ ልጁ የሚወራለትን ያህል እንዳልሆነ ሲናገር ላምፓርድ ራሱ ከሬድናፕ ጎን ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ሬድናፕ የመለሰው ልጁ እስከ ጫፍ ድረስ እንደሚሄድ ነበር። ቪዲዮው ዛሬም ይታያል፤ የዚያን ቀን ግን ለአንድ የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ከባድ ነበር።

ከአባቱ ያገኘው ትልቁ ነገር የመሰለፊያ ቦታ ነው ብለን አናምንም። ልጁ በፍጥነት ደካማ መሆኑን አይቶ ከልምምድ ውጪ አጫጭር ሩጫ ደጋግሞ እንዲያደርግ የጎተጎተው አባቱ ነው። በኋላ እንደምናየው ሙያው በሙሉ የቆመው በዚያ አጭር ሩጫ ላይ ነው።

ቼልሲ በስንት ገዛው?

በ11 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በጁን 2001። ከአንድ ወር በፊት ሬድናፕም አባቱም ዌስትሃምን ለቅቀው ስለነበር የሚቆይበት ምክንያት አልነበረውም። ለ22 ዓመት አማካይ ዋጋው በዛ የተባለበት ጊዜ ነበር። በአሰልጣኙ ክላውዲዮ ራኒዬሪ ሥር ያሳለፋቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታትም 5 እና 6 የሊግ ጎል ብቻ የተቆጠሩባቸው ናቸው። ሮማን አብራሞቪች ክለቡን በ2003 ሲገዛ በርካታ አማካዮች ቢመጡም ላምፓርድ ቦታውን አልለቀቀም።

አማካይ ሆኖ ይህን ሁሉ ጎል እንዴት አገባ?

ዘግይቶ ስለሚገባ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ የሚከብደው መዘግየቱን መለካት ነው።

የአሰልጣኝ ጆዜ ሞሪንሆን የ2004–05 ቼልሲ እንውሰድ። ሦስት አማካዮች አሉ፤ ክሎድ ማኬሌሌ ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ አይነቃነቅም። ፊት ላይ ዲዲየ ድሮግባ ሁለቱን የመሐል ተከላካዮች ይዞ ይገፋል። ኳስ ወደ መስመር፣ ወደ ዴሚየን ደፍ ወይም አርየን ሮበን ስትሄድ ተከላካዮቹ ፊታቸውን ወደ ራሳቸው ጎል አዙረው ወደ ኋላ ይሮጣሉ። ያን ጊዜ ከፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ፣ ማለትም ከ11 ሜትር፣ እስከ 16 ከ50 መስመር ድረስ ያለው ቦታ ባዶ ይቀራል። ላምፓርድ ገና ከጎሉ 25 እና 30 ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ አንዳንዴ እየተራመደ። እሱን የሚጠብቀው የተቃራኒ አማካይ ኳሷን ለማየት አንገቱን ሲያዞር ሩጫው ይጀምራል። ኳሷ ወደ ኋላ ስትመለስ የሚያገኛት በሙሉ ፍጥነት እየመጣ፣ ፊቱ ወደ ጎል ሆኖ ነው፤ ተከላካዮቹ ግን ቆመዋል፣ ወይም ጀርባቸውን ሰጥተዋል።

ቀድሞ ቢገባ ምን ይሆን ነበር? ከድሮግባ አጠገብ ቆሞ ሌላ የሚያዝ ሰው ይሆናል፤ የተከላካዮቹም ሥራ ይቀልላል። ብዙ አማካዮች ወደ ሳጥኑ እየገቡ ጎል የማያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ነገር ድግግሞሹ ነው። በአንድ ጨዋታ እንዲህ ያለውን ሩጫ ብዙ ጊዜ ያደርጋል፤ አብዛኛው ባዶ ይቀራል። ኳስ አልመጣችልኝም ብሎ ግን አያቆምም። ውጤቱ በሊጉ ከ2003–04 እስከ 2012–13 በተከታታይ ሲታይ እንዲህ ነው፦ 10፣ 13፣ 16፣ 11፣ 10፣ 12፣ 22፣ 10፣ 11፣ 15። ዐሥር ዓመት ሙሉ ከ10 በታች አልወረደም። አሰልጣኞች ሲለዋወጡ፣ አሰላለፍ ሲቀያየር፣ እሱም ከ25 ዓመት ወደ 35 ሲጠጋ ማለት ነው። 22ቱ የመጡት በካርሎ አንቼሎቲ ሥር፣ ቼልሲ በሊጉ 103 ጎል ባገባበት ዓመት ነው።

ከጎሎቹ ውስጥ የትኛውን ብናይ አጨዋወቱ ይገባናል?

ሁለት እንመርጣለን። የመጀመሪያው ኤፕሪል 30 ቀን 2005 ቦልተን ሜዳ ላይ ያስቆጠረው ሁለተኛ ጎል ነው። ቼልሲ ይህን ጨዋታ ካሸነፈ፣ ከ50 ዓመት በኋላ እንደገና የሊጉ ሻምፒዮን ይሆናል። 1 ለ 0 እየመራ ሳለ መልሶ ማጥቃት ተገኘ፤ ላምፓርድ ከመሐል ሜዳ ብቻውን ወጥቶ ሮጠ፣ ግብ ጠባቂው ያስከላይነን ሲወጣበት አልቸኮለም፣ አልፎት ባዶ ጎል ውስጥ ጨመራት። የመጀመሪያውንም ያገባው እሱ ነበር።

ሁለተኛው በዚያው ወር ባየርን ሙኒክ ላይ፣ 4 ለ 2 በተጠናቀቀው የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ የተቆጠረው ነው። ማኬሌሌ ከፍ አድርጎ የላካትን ኳስ ላምፓርድ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ በደረቱ አበረዳት፤ ስትወርድ ዞሮ መሬት ሳትነካ በግራ እግሩ መታት። ቀኝ እግረኛ ነው፤ ግን ወደ ግራ በዞረ ጊዜ ኳሷን ወደ ቀኙ ለመመለስ ጊዜ አላባከነም። የባየርን ግብ ጠባቂ ኦሊቨር ካን የተሸነፈው በዚያች ግማሽ ሰከንድ ነው።

ግማሹ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ግማሹ ተጨርፎ የገባ አይደለም እንዴ?

ከ177ቱ የሊግ ጎሎች 43ቱ ፍጹም ቅጣት ምት ናቸው። ሙሉ በሙሉ ብንቀንሳቸው 134 ይቀራል፤ ይህም ለአማካይ እጅግ ብዙ ነው። 41ዱ ደግሞ ከቅጣት ክልል ውጪ የተመቱ ናቸው፤ በሊጉ ታሪክ የሚስተካከለው የለም። ለጎል የሆኑ 102 ኳሶችን ማቀበሉም ሲከራከሩ የሚረሳ ነገር ነው።

ተጨርፈው የገቡ እንዳሉ አይካድም። ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። ኳስን የሚመታው ጠንከርና ዝቅ አድርጎ፣ ሰው በበዛበት መካከል ነው። ከፍ ያለች ኳስ ማንንም ሳትነካ ከአግዳሚው በላይ ታልፋለች፤ ዝቅ ያለች ኳስ እግር አግኝታ አቅጣጫ ትቀይራለች፣ ግብ ጠባቂውም አንዴ ከወደቀ አይነሣም። ደጋግሞ ወደዚያ የሚመታ ሰው ከጊዜ ብዛት ዋጋውን ያገኛል። ዕድል ለዐሥር ዓመት በየዓመቱ 10 ጎልና ከዚያ በላይ አይሰጥም።

ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ ምን የተለየ ነገር ያደርግ ነበር?

የተለየ ማታለያ አልነበረውም። ቀጥ ያለ ሩጫ፣ ጠንካራ ምት። ጥንካሬው ጭንቅላቱ ላይ ነበር። ዲሴምበር 20 ቀን 2009 በዌስትሃም ሜዳ የሆነውን ይመልከቱ፦ ላምፓርድ አገባ፤ ኳሷ ሳትመታ ተጫዋቾች ወደ ክልሉ ገብተዋል ተብሎ ይደገም ተባለ። ደግሞ አገባ፤ እንደገና ይደገም ተባለ። ለሦስተኛ ጊዜ አገባ፣ ጸደቀ። ይህ ሁሉ የሚሆነው አጥብቀው በሚጠሉት የቀድሞ ደጋፊዎቹ ፉጨት መካከል ነው።

ስቷልም። በ2006 የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ በፖርቱጋል ስትሰናበት የፖርቱጋሉ ሪካርዶ ካዳናቸው ሦስት ምቶች አንዱ የላምፓርድ ነው። በ2010 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ፖርትስማውዝ ላይ የመታት ደግሞ ወደ ውጪ ወጣች፤ ቼልሲ ግን 1 ለ 0 አሸነፈ።

ጎል ሲያገባ ወደ ሰማይ የሚያመለክተው ለማን ነው?

ለእናቱ ለፓት። በኤፕሪል 2008 መጨረሻ አረፈች። ከስድስት ቀን በኋላ ቼልሲ ከሊቨርፑል ጋር የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ መልስ ጨዋታ ነበረው። በተጨማሪው ሰዓት ሚካኤል ባላክ ክልሉ ውስጥ ተጠልፎ ወደቀ፤ ኳሷን ላምፓርድ አነሣ። አገባ፣ ወደ ማዕዘኑ ሄዶ ተንበረከከ፣ በክንዱ ያሰረውን ጥቁር ጨርቅ ሳመ። ቼልሲ 3 ለ 2 አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ። በሞስኮው ፍጻሜም ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ የአቻነቷን ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው፤ ዋንጫው ግን በመለያ ምት አመለጠ።

164 ተከታታይ ጨዋታ ሲባል ምን ማለት ነው?

ከኦክቶበር 2001 እስከ ዲሴምበር 2005 ድረስ በአንድም የሊግ ጨዋታ አልቀረም ማለት ነው። በጉዳትም፣ በቅጣትም፣ በድካምም። የተቋረጠው ታሞ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ሲቀር ነው። ግብ ጠባቂ ላልሆነ ተጫዋች ይህ የፕሪምየር ሊጉ ክብረ ወሰን ነው። አማካይ በሜዳው ከሁሉም በላይ የሚሮጥና የሚጋጭ መሆኑ ሲታሰብ፣ ከጎሎቹ ይልቅ ይህ ቁጥር ይበልጥ የሚያስደንቀን ጊዜ አለ።

የቼልሲ የምንጊዜም ከፍተኛ ጎል አግቢ የሆነው መቼ ነው?

ሜይ 11 ቀን 2013፣ በአስቶን ቪላ ሜዳ። ቼልሲ 1 ለ 0 እየተመራ፣ ራሚሬዝም በቀይ ካርድ ወጥቶበት ነበር። ላምፓርድ በ61ኛው ደቂቃ ከክልሉ ጠርዝ በግራ እግሩ መትቶ የቀድሞውን ባለ ክብረ ወሰን የቦቢ ታምብሊንግን 202 ጎል ተስተካከለ፤ 88ኛው ደቂቃ ላይ አሽሊ ኮል ያሻገራትን ከቅርብ አግብቶ አለፈው። በአጋጣሚ፣ በ1997 ለዌስትሃም ሲጫወት እግሩ የተሰበረውም በዚሁ ሜዳ ነው።

ከሊቨርፑሉ አማካይ ስቲቨን ጄራርድ ጋር ለእንግሊዝ ለምን አልሆነላቸውም?

ሁለቱም ምርጥ ስለሆኑ አይደለም፤ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ቦታ ስለሆነ ነው። እንግሊዝ ብዙ ጊዜ የምትሰለፈው በ4-4-2፣ ማለትም በአራት ተከላካይ፣ በአራት አማካይና በሁለት አጥቂ ነበር። መሐል ላይ ሁለት ሰው ብቻ ካለ አንዱ ሲወጣ ሌላው መቆም አለበት። ላምፓርድ ከኋላው ማኬሌሌ እንዳለ አውቆ መሮጥ የለመደ ነው፤ ጄራርድም ሊቨርፑል ውስጥ ከኋላው የሚቆምለት ሰው ነበረው። ለእንግሊዝ ሁለቱም ሲወጡ መሐሉ ይከፈታል፤ ሁለቱም ሲፈሩ ደግሞ አንዳቸውም ጎል አጠገብ አይደርሱም። በ2004ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ፖል ስኮልስ ወደ ግራ መስመር የተገፋውም ሁለቱን መሐል ላይ ለማሰለፍ ሲባል ነው። በዚያ ውድድር ላምፓርድ 3 ጎል ቢያገባም ሚዛኑ አልተገኘም።

በእኛ እምነት ጥፋቱ የተጫዋቾቹ ሳይሆን የምርጫው ነው፤ ሦስት አማካይ አሰልፎ ከመካከላቸው አንዱን ጠባቂ ማድረግ ይቻል ነበር። አዲስ አበባም ሆነ ለንደን ስለ ጄራርድ፣ ላምፓርድና ስኮልስ የሚከራከር ሰው ማን ይበልጣል ከማለቱ በፊት እያንዳንዱ ከማን ጋር ተሰልፎ እንደነበር ቢያይ መልካም ነው።

ያልተጸደቀችው ጎል ታሪክ ምንድን ነው?

ጁን 27 ቀን 2010፣ ብሉምፎንቴይን፣ ደቡብ አፍሪካ። ጀርመን 2 ለ 0 ከመራች በኋላ ማቲው አፕሰን በግንባሩ አንድ አገባ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ላምፓርድ ከክልሉ ጠርዝ ከፍ አድርጎ የመታት ኳስ ከጀርመኑ ግብ ጠባቂ ማኑኤል ኖየር በላይ አልፋ የአግዳሚውን ሥር መታች፤ ከመስመሩ ውስጥ በግልጽ አርፋ በሽክርክሪቷ ወደ ውጪ ተመለሰች። ኖየር ቶሎ ይዞ ምንም እንዳልተፈጠረ ጨዋታውን አስቀጠለ። ኡራጓያዊው ዳኛ ሆርሄ ላሪዮንዳም ረዳቱም አላዩም። ከ2 ለ 2 ይልቅ 2 ለ 1 ለዕረፍት ተገባ፤ እንግሊዝ ጎል ፍለጋ ስትወጣ ቶማስ ሙለር በመልሶ ማጥቃት ሁለት ጨመረና 4 ለ 1 ተጠናቀቀ።

የጎል መስመር ቴክኖሎጂ በጁላይ 2012 ሲፈቀድ ይህች ኳስ ትልቅ ድርሻ ነበራት። ፕሪምየር ሊጉ በ2013–14፣ የዓለም ዋንጫ በ2014 መጠቀም ጀመሩ።

በሙኒኩ የቻምፒየንስ ሊግ ድል ድርሻው ምን ነበር?

መደበኛው አምበል ጆን ቴሪ በቅጣት ስላልተሰለፈ በሜይ 2012 ፍጻሜ አምበሉ እሱ ነበር። ዕድሜው ወደ 34 ተጠግቶ ስለነበር እንደ ድሮው ወደ ክልሉ አይሮጥም፤ ኋላ ሆኖ ያቀብላል። በግማሽ ፍጻሜው ባርሴሎና ላይ በሁለቱም ጨዋታ አንድ አንድ ጎል የተነሣው ላምፓርድ ለራሚሬዝ ካቀበላት ኳስ ነው። በፍጻሜው መለያ ምት ደግሞ የቡድን ጓደኛው ሁዋን ማታ የመጀመሪያውን ከሳተ በኋላ ሦስተኛውን መትቶ አገባ።

የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎንዶር አግኝቷል?

አላገኘም። በ2005 ከሮናልዲኒዮ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ።

ማንቸስተር ሲቲ የሄደው ቼልሲን ከድቶ ነው?

ቼልሲ ውሉን አላደሰለትም። የፈረመው ለኒውዮርክ ሲቲ ነበር፤ የአሜሪካው ሊግ የሚጀምረው በ2015 ስለሆነ በዚያው ባለቤት ሥር ባለው ማንቸስተር ሲቲ ቆየ። መጀመሪያ በውሰት ነው ተባለ፣ በኋላ የአጭር ጊዜ ውል መሆኑ ታወቀ፤ ቆይታውም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተራዘመ። የኒውዮርክ ደጋፊዎች በዚህ መቆጣታቸው ተገቢ ነበር። በሴፕቴምበር 2014 ተቀይሮ ገብቶ ቼልሲ ላይ የአቻነት ጎል አገባ፤ ደስታውን አልገለጸም። ኒውዮርክ ላይ ጉዳት ቢያስቸግረውም በጁላይ 2016 ኮሎራዶ ላይ በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያውን ሐትሪክ ሠርቷል።

በአሰልጣኝነትስ?

ደርቢን በ2019 እስከ ፕሪምየር ሊግ ማደጊያው የመጨረሻ ጨዋታ አድርሶ በአስቶን ቪላ ተሸነፈ። ቼልሲን የያዘው ክለቡ ተጫዋች እንዳይገዛ በታገደበት ወቅት ነው፤ ሜሰን ማውንትን፣ ሪስ ጄምስንና ታሚ አብርሃምን አሰልፎ አራተኛ ሆነ። በጃንዋሪ 2021 ተሰናበተ። ኤቨርተንን በ2022 ከመውረድ አተረፈ፣ በቀጣዩ ጃንዋሪ ግን ተባረረ። በ2023 በጊዜያዊነት ወደ ቼልሲ ሲመለስ ከ11 ጨዋታ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። በኖቬምበር 2024 ኮቨንትሪን ይዞ በዚያው የውድድር ዘመን በሁለተኛው እርከን ሊግ አምስተኛ አድርጎ ጨረሰ።

አንድ ወጣት አማካይ የእሱን ሩጫ እንዴት ይለማመድ?

አንድ የመስመር ተጫዋች፣ አንድ አጥቂ፣ ሁለት ተከላካይና አንድ ግብ ጠባቂ ይበቃል። አማካዩ ከጎሉ 28 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ይቁም። ኳስ ወደ መስመር ስትወጣ ወዲያው አይሩጥ፤ የመስመር ተጫዋቹ ለማሻገር ቀና ሲል ይነሣ። የሚደርስበት ቦታ ከፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ በስተኋላ ሁለት ሦስት ሜትር ነው። ኳሷን ሳያቆም፣ ሰውነቱን ወደ ኋላ ሳይጥል፣ ዝቅ አድርጎ ወደ ሩቁ ማዕዘን ይምታ። 10 ጊዜ ከቀኝ መስመር፣ 10 ጊዜ ከግራ፤ ከዚያ ዐረፍ ብሎ ይድገም።

በብዛት የሚበላሸው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ ቀድሞ መድረስ፤ ልጁ ክልሉ ውስጥ ቆሞ ኳስ ሲጠብቅ ካያችሁት የሚነሣበትን ርቀት ወደ 32 ሜትር አርቁት። ሁለተኛ ኳስ ብቻ ማየት፤ ከመነሣቱ በፊት አንድ ጊዜ ተከላካዮቹን፣ አንድ ጊዜ የሚጠብቀውን ሰው ይይ። ሦስተኛ የሚመቸውን እግር መፈለግ፤ ወደ ደካማ እግሩ የመጣችውን ኳስ ለማስተካከል አንድ ጊዜ ከነካት ተከላካዩ ደርሷል፤ ስለዚህ ከሁለቱ ዙር አንዱ በደካማው እግር ብቻ ይሁን። ከጓደኛው ጋርም ይነጋገር፤ እሱ ሲወጣ ሌላው አማካይ መሐል ላይ ካልቆመለት ያገኙትን ጎል በመልሶ ማጥቃት ይመልሱታል።